ሐዘን የሚያወጣው ሐኪም

ደብረ ማርቆስ የመሰናዶ ተማሪ ሳለሁ የተከራየናት ክፍል ከአከራያችን መኝታ ቤት የምትለየው በቺፑድ ግድግዳ ብቻ ነበር። እሳቸው ሲገላበጡ አልጋቸው ሲንቋቋ ይሰማናል፤ እኛ ስንስቅ ደግሞ ለእሳቸው ይሰማል። ያንን ጊዜ ሳስበው መጀመሪያ የሚመጣልኝ ያ ግድግዳ ነው። ነጭ ቀለም ተቀብቷል፤ ከታች በኩል እርጥበት ስለገባው እንደ ዳቦ ተነፍቷል።

እኔ የመጣሁት ከጉንደ ወይን፣ ጓደኛዬ ከይጁቤ ነው። የተዋወቅነው ለምዝገባ በሴቶቹ በኩል ተሰልፈን ነው። እሷም ቤት ፈላጊ፣ እኔም ቤት ፈላጊ ሆነን ተገኘንና ሰልፉ ሳያልቅ አብረን ልንኖር ተስማማን። አባቷ ይጁቤ ገበያ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው፤ የእኔ አባት ገበሬ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቃችን በሚኒባስ ይላክልናል። ከእኛ ቤት ሽሮ፣ በሶና ድርቆሽ ይመጣል፤ ከእነሱ ቤት ስኳር፣ መኮሮኒና ዘይት። ሁሉንም አንድ ላይ አብስለን አንድ ላይ እንበላለን። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን ስለሆንን የእስላምና የክርስቲያን ሥጋ ግን አይቀላቀልም፤ ያም ቢሆን ሥጋ የምናየው ለበዓል ወደየቤታችን ስንሄድ ስለነበር አንድም ቀን አላጨቃጨቀንም።

አከራያችንን «እትዬ» እንላቸው ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ፤ ብዙ አይናገሩም፤ ቢሆንም ሳንበላ ወደ ትምህርት ቤት ልንወጣ ስንል ካዩን ከበር ይመልሱናል። ቤታቸው ከእኛዋ ክፍል የሰፋ፣ መስኮቱ ወደ መንገድ የሚከፈት ሌላ ክፍል ነበረው። በሩ ላይ ትልቅ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ቤቱን ልናይ በመጣን ዕለት ጓደኛዬ ያንን ቢያከራዩን ስትላቸው፣

«ሰው አለበት» አሏት።

ሰው ሲገባበትም ሲወጣበትም ሳናይ ሳምንታት አለፉ። በኋላ ቧንቧ ላይ ውሃ ስንቀዳ አንዲት ጎረቤት ነገረችን። ክፍሉ የአንድያ ልጃቸው ነበር። የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ ሲሠራ ከደጀን ወደ ዓባይ በሚወርደው ቁልቁለት ላይ መኪናው ፍሬን እምቢ ብሎት ከነሾፌሩ ሞተ። እኛ ልንከራይ ከመምጣታችን ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። እትዬ ከቀብር ተመልሰው ክፍሉን ቆለፉ፤ ከዚያ ወዲያ አልከፈቱትም። ጎረቤቷ እንዳለችው ከሆነ ሌሊትም ብዙ አይተኙም። ይህንንስ እኛም እናውቅ ነበር፤ አልጋው ይነግረናል።

መጽሐፏን የገዛናት መናኸሪያው አጠገብ መንገድ ላይ አሮጌ መጽሐፍ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ነው። ሽፋኗ ተገንጥሏል፤ ደራሲውም ተርጓሚውም ማን እንደሆኑ አይታወቅም። ውስጧ ያሉት አጫጭር ልብ ወለዶች ሁሉ ይመሳሰላሉ። ከሰው የራቀ ትልቅ ቤት አለ፤ ቤቱ ውስጥ አንድ የተማረ ሰው ይኖራል፤ ሰውየው ፈጣሪ የሠራውን ሰው እንደገና ሊሠራው ይነሳል። አንዱ ከሰው ደም ውስጥ ፍርሃትን ሊያጣራ ይሞክራል፤ ሌላው እንቅልፍ የማያስፈልገው ሰው ሊያበጅ ይደክማል። የአንዳቸውም መጨረሻ አያምርም። እኛ ግን እየፈራን ደጋግመን አነበብናት፤ እኔ ሳነብ እሷ ትራስ አቅፋ ትሰማለች፣ እሷ ስታነብ እኔ አቅፋለሁ። ገጾቹ መርገፍ ሲጀምሩ፣

«ለምን የራሳችንን አንጽፍም?» አለችኝ።

ጓደኛዬ ሐኪም ልትሆን ነው የምታጠናው። እኔ አማርኛ እወዳለሁ። እሷ ሳይንሱን፣ እኔ ቃሉን ልንይዝ ተከፋፈልን። መጀመሪያ የተቸገርነው ለቤቱ ቦታ በመፈለግ ነበር። መጽሐፏ ውስጥ ያሉት ቤቶች የድንጋይ ግንብና ጨለማ ምድር ቤት አላቸው፤ እኛ የምናውቀው ቤት ግን ጭቃ ግድግዳና ቆርቆሮ ክዳን ነው። በመጨረሻ ደጀን አፋፍ ላይ ጣሊያን ሠራው የሚባል አሮጌ የድንጋይ ቤት አስቀመጥን። ከአጎቴ ጋር አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ስሄድ አውቶቡሱ ደጀን ቆሞ ነበር፤ ከሸለቆው ጉም እየተነሳ መንገዱን ሲውጠው ያየሁት አልረሳ ብሎኝ ነበርና እሱን ጻፍኩት።

«ጅብ ይጩህበት?» አልኳት።

«ጅብ ማንን ያስፈራል? እዚህ በየቀኑ ይጮኻል።»

ስለዚህ ውሻ የማይጮኽበት ቤት አደረግነው። መንደሩ ውስጥ ያለ ውሻ ሁሉ እዚያ ቤት ፊት ሲደርስ ዝም ይላል። ይህቺን ነገር ያመጣቻት እሷ ነበረች፤ እስከ ዛሬም ደስ ትለኛለች።

የቤቱን ሰው ሐኪም አደረግነው፤ ከሰው ምን እንደሚያወጣ ስንነጋገር ግን ብዙ አልፈጀብንም። ከግድግዳው ወዲያ አልጋው ይንቋቋ ነበር። ተያየን። ማናችን ቀድመን እንዳልነው አላስታውስም፤ ሐኪሙ ሐዘን የሚያወጣ ሆነ። ሐዘንተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሐኪሙ ከጆሮው በስተኋላ ቀጭን የመስታወት መርፌ ይወጋዋል፤ ሐዘኑ እንደ ጭስ እየተጠቀለለ ይወጣና ጠርሙስ ውስጥ ይገባል። ጠርሙሱ ይታሸጋል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። ሰውየው ቀልሎት ይሄዳል።

ጓደኛዬ ለሳይንሱ ስለምትጨነቅ የባዮሎጂ መምህራችንን ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ጠየቀችው።

«ቲቸር፣ ሐዘን የሚቀመጠው የትኛው የአንጎል ክፍል ላይ ነው?»

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ አሰበ። «እሱ ፈተና ላይ አይመጣም» አለና ወደ ሰሌዳው ዞረ። ክፍሉ ሳቀ። እሷ ግን መልሱን ስላላወቀው ነው ብላ ቀኑን ሙሉ ተናደደች።

የጻፍነውን ማምሻውን፣ ራት እስኪበስል፣ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እናነበው ነበር። ዓረፍተ ነገሩ ሲነበብ ካላማረ እንሰርዛለን። ግድግዳውን ረስተነው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት ግቢው ውስጥ ፊቴን ስታጠብ እትዬ መጥተው አጠገቤ ቆሙ።

«ያ ሐኪም» አሉኝ፤ «ደጀን የት አካባቢ ነው ያለ?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደነገጥኩ።

«እትዬ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። እኛ ነን የፈጠርነው።»

«ልብ ወለድ እንደሆነማ አውቄያለሁ። አላነብ ይሆናል እንጂ ጅል አይደለሁም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ግን ዝም ብሎ አይፈጠርም። አንድ የሰማችሁት ነገር ይኖራል ብዬ ነው።»

«ምንም የሰማነው የለም፣ እትዬ።»

«ይሁን» ብለው ወደ በረንዳቸው ተመለሱ።

ለጓደኛዬ ስነግራት አልሳቀችም። ሌላ ልብ ወለድ እንጀምር አልኳት። እሷ ግን፣ «መስማት ባይፈልጉማ ኖሮ ግድግዳውን መትተው ዝም ያሰኙን ነበር» አለች። የዚያን ዕለት ማምሻ በሩን ከፍታ፣ «እትዬ፣ ከሚሰሙ አይቀር ገብተው ይስሙ» አለቻቸው። እንዝርታቸውን ይዘው ገቡ።

ከዚያ ወዲያ በየማምሻው ይመጡ ጀመር። በሩ አጠገብ ጆንያ ላይ ይቀመጣሉ፤ እኛ እናነባለን፣ እሳቸው ይፈትላሉ። በመሃል ደስ ያላቸው ነገር ካለ እንዝርቱ ይቆማል። ማንበቡ ሲያበቃ አንዳንዴ ስለ ልጃቸው ያወራሉ። ረጅም ወሬ አልነበረም። ከመንገድ ሲመለስ በረንዳው ላይ ጫማውን ሳያወልቅ እንቅልፍ እንደሚወስደው፣ ሽሮ ካልተንተከተከ እንደማይበላ፣ እንደዚህ ያለ ነገር ነው። አንድ ቀን ጃኬቱ አሁንም እዚያ ክፍል ውስጥ እንደተሰቀለ ነገሩን።

«አላጠብኩትም» አሉ። «ናፍጣ ይሸታል። በሕይወት ሳለ እሱን ናፍጣ እጠብ እያልኩ ስነዘንዘው ነበር የምውለው።»

በልብ ወለዳችን ውስጥ ልጇን ወንዝ የበላባት አንዲት ሴት ነበረች። ሐኪሙ ዘንድ ሄዳ መርፌውን ተወጋች፤ ቤቷ ገብታ እህል ቀመሰች፤ ጋደም ብላ እስኪነጋ ተኛች። ይህንን ያነበብን ዕለት እትዬ እንዝርቱን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ተኛች?» አሉ።

«ተኛች፣ እትዬ።»

«እሰይ። እሰይ የኔ ልጅ።»

ፊታቸው እንደዚያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም። እኛ ግን ቀጣዩን ክፍል አስቀድመን ጽፈነው ነበር። አስፈሪ ልብ ወለድ ስለሆነ ማስፈራቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በማግስቱ አነበብኩት። ሴትዮዋ ከእንቅልፏ ነቅታ ደጅ ስትወጣ የልጇን ጫማ ታያለች፤ የማን እንደሆነ ግን አታውቅም። ለጎረቤት ልጅ ትሰጠዋለች። ሰዎች ልጇን ሲጠሩላት «ልጅ ነበረኝ እንዴ?» ትላለች። ሐኪሙም የራሱ ሴት ልጅ ስትሞትበት መርፌውን ራሱን ይወጋና፣ ደጁ ላይ የተተከለውን የለቅሶ ድንኳን አይቶ የማን ለቅሶ እንደሆነ መንገደኛውን ይጠይቃል። በመጨረሻ የመንደሩ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን ያቃጥለዋል።

እትዬ እስከ ድንኳኑ ድረስ አልቆዩም። ሴትዮዋ ጫማውን ስትሰጥ ተነሡ።

«ምን አድርጋ ነው?» አሉ። «ምን በድላችሁ ነው እንዲህ የምታደርጓት?» እንዝርታቸውን ይዘው ወጡ።

ለቀናት አላናገሩንም። ሰላምታችንን ይመልሳሉ፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም። ክፍሉን ልቀቁ ይሉናል ብለን ፈራን። ጓደኛዬ ለአባቷ ደውላ ሌላ ቤት ልንፈልግ እንደምንችል እስከ መንገር ደርሳ ነበር። በመጨረሻ እሁድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ራሳቸው በሩን አንኳኩ። ጆንያው ላይ አልተቀመጡም፤ ቆመው ነው የተናገሩት።

«አስቤበታለሁ» አሉ። «ያ ሐኪም ቢኖር እሄድ ነበር። መተኛት ናፍቆኛል። ግን ሕመሙን ሲያወጣ ልጁንም አብሮ የሚወስድብኝ ከሆነ አልሄድም። ስለዚህ ሕመሙን ብቻ እንዲያወጣ አድርጉት። ልጁን ይተውላት።»

ጓደኛዬ አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ እንደዚያማ የሚሆን አይመስለኝም። አንጎል ውስጥ አንድ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

«የምትጽፉት እናንተ አይደላችሁም እንዴ?» አሏት።

ይህን ብለው ወጡ። መልስ አልጠበቁም።

ያን ሰሞን እኔና ጓደኛዬ አብረን በኖርንበት ዘመን ሁሉ አንድ ጊዜ ብቻ የተኮራረፍንበት ነው። እሷ እንደጠየቁት እናድርገው አለች። እኔ ደግሞ ሐኪሙ ሕመሙን ብቻ አውጥቶ ሰውን ሁሉ ደህና ካደረገ ምኑን ልብ ወለድ ሆነ፣ ማስታወቂያ ነው እንጂ አልኳት። «ሐኪም ሁልጊዜ ክፉ መሆን አለበት ያለሽ ማነው?» አለች። ሐኪም ልትሆን የምትማር ልጅ ስለሆነች ነገሩ ወደ ራሷ ሄዶባት እንደነበር ያኔ አላስተዋልኩም። ሽሮውን አንዱ ምድጃ ላይ፣ መኮሮኒውን ሌላው ምድጃ ላይ ለየብቻ ሠርተን ጀርባ ተሰጣጥተን በላን።

የአማርኛ መምህራችን የስነ ጽሑፍ ክበቡ ኃላፊ ነበሩና እንዲዳኙን ልብ ወለዱን ወስደን አሳየናቸው። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የቆዩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አድርገው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይናገሩ አነበቡት።

«ውሻ የማይጮኽበት ቤት ጥሩ ነው» አሉ። «ድንኳኑም ጥሩ ነው። ቃጠሎው ይቆይ፤ ሰውን ፈጣሪ እንደሠራው ሊተወው ያልፈለገ ሰው መጨረሻው ሊታይ ይገባል። ብቻ ሰሙ አለ፤ ወርቁን አላገኘሁትም።»

«ወርቁ ምን ይሁን?» አለቻቸው ጓደኛዬ።

«እሱን እኔ ከነገርኳችሁ የእኔ ይሆናል።»

ለወላጆች ቀን አዳራሽ ውስጥ እንዲነበብ መረጡት። እኔ በሰው ፊት መቆም ስለምፈራ የምታነበው ጓደኛዬ ሆነች። መጨረሻው ቃጠሎ እንደሆነ ተስማማን፤ ወይም የተስማማን መሰለኝ። የእሷ ወላጆች ከይጁቤ ገበያ ጥለው መምጣት አልቻሉም፤ የእኔዎቹም የአጨዳ ጊዜ ባይሆንም እርሻ አልለቀቃቸውም። እሷ እትዬን ጠራቻቸው። ይመጣሉ ብዬ አልገመትኩም ነበር። ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ ከኋላ አግዳሚ ወንበር ላይ ከሌሎች ወላጆች መሃል ተቀምጠው አየኋቸው።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ ይንጫጫል። ጓደኛዬ ሻሿን አስተካክላ ማንበብ ጀመረች። ጉሙ ተነሳ። ውሻው ዝም ሲል አንዲት ልጅ ከፊቴ ያለችውን ልጅ ክንድ ያዘች። ሴትዮዋ ተወጋች፣ በላች፣ ተኛች። ጫማውን ለጎረቤት ልጅ ሰጠች። እዚህ ላይ ጓደኛዬ ቀና ብላ ወደ ኋላ ወንበር አየች። ወረቀቱን አጠፈችው።

ቀጥሎ የተናገረችውን አንዱንም አልጻፍነውም ነበር። ሴትዮዋ መንገድ ላይ የምታያቸው ልጆች ሁሉ አንድ የጎደላት ነገር እንዳለ እያስታወሷት መቀመጥ አቃታት አለች። ምን እንደጎደላት ስለማታውቅ ወደ ሐኪሙ ተመልሳ በሩን መታች። ሐኪሙ ወደ መደርደሪያው ወሰዳት። ጠርሙሶቹ ብዙ ናቸው፤ ስም አልተጻፈባቸውም። «የራስሽን እኔም አላውቀውም» አላት። ሴትዮዋ አንድ በአንድ እየከፈተች ታሸት ጀመር። አንዱ የጡት ወተት ይሸታል፤ የእሷ አይደለም። አንዱ እርጥብ አፈር ይሸታል፤ የእሷ አይደለም። አንዱን ስትከፍት ናፍጣ ሸተታት።

ልጁ ወንዝ የበላው እንደነበር ያስታወሰ ሰው አዳራሹ ውስጥ ከእኔ በስተቀር የነበረ አይመስለኝም። መምህራችን እንኳ አንገታቸውን አቀርቅረው ይሰሙ ነበር።

«ይኸ ነው አለች» ብላ ጨረሰች ጓደኛዬ። «ጠርሙሱን ጉያዋ ውስጥ አድርጋ ወደ ቤቷ ሄደች።»

ማጨብጨቡ ሲጀመር እትዬ ተነሡ። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው በጎን በር ወጡ። እኛም ለተመረጡ ጽሑፎች የሚሰጠውን ሽልማት ሳንጠብቅ ተከትለናቸው ወጣን። ዋናው መንገድ ላይ ደረስንባቸው። ባጃጆች በአጠገባችን እያለፉ ሦስታችንም አብረን ሄድን።

«ናፍጣውን ማን ነገራችሁ?» አሉ በመጨረሻ።

«እርስዎ ነዎት የነገሩን፣ እትዬ» አለች ጓደኛዬ።

«እኔ ነኝ?»

«አዎ። ስለ ጃኬቱ ሲያወሩ።»

ትንሽ እንደሄድን እንደገና፣ «ወሰደችው አይደል?» አሉ።

«ወሰደችው።»

«እንግዲህ አይቀልላትም።»

«አይቀልላትም» አለች ጓደኛዬ። እትዬ ክንዷን ያዟት፤ እንደዚያ እንደተያያዙ ቤት ደረስን።

ክፍሉን የከፈቱት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወዲያው ግን አልነበረም። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው «አይጥ ገብቶበታል» አሉን እንጂ ሌላ አላሉም። ጓጉንቸሩ ዝጎ ስለነበር ጎረቤት ያለ አናጺ ጠርተን በመዶሻ ሰበረው። ፍራሹን፣ ብርድ ልብሱን፣ አንድ ሬዲዮና ጫማዎቹን አውጥተን በረንዳው ላይ ለፀሐይ አሰጣናቸው። እትዬ እያንዳንዱን ነገር ከየት እንደገዛው እየነገሩን ሙሉ ቀን ዋሉ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ያን ያህል ሲያወሩ ሰምቻቸው አላውቅም። ጃኬቱን ራሳቸው ይዘው ወደ መኝታ ቤታቸው አስገቡት። ክፍሉን ለእኛ ሰጡን። በመስኮቱ በኩል መንገዱ ይታያል፤ ለብሔራዊ ፈተና ያጠናነው እዚያ ቁጭ ብለን፣ የሚያልፈውን ሰው እያየን፣ በየመሃሉ እየሳቅን ነው። ከዚያ ቺፑድ ግድግዳ ስለራቅን እትዬ ሌሊት ይተኙ አይተኙ መስማት አቆምን። ጓደኛዬ አንድ ቀን ጠየቀቻቸው። «አንዳንድ ቀን» አሏት።

አሁን ጓደኛዬ አዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪም ናት። እኔ እዚሁ ደብረ ማርቆስ አማርኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ አስፈሪ ታሪክ ጽፈው ሲያመጡ ቤቱን የት እንዳስቀመጡት አያለሁ። ብዙዎቹ ከስልካቸው ያገኙትን የፈረንጅ አገር ቤት ይጽፋሉ፤ ደጀን ሄደው ጉሙን እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። ጓደኛዬ ስትደውልልኝ ስለ ሥራዋ ትንሽ ትንሽ ታወራኛለች። ልጅ የሞተባት እናት መጥታ እንቅልፍ ስጪኝ ስትላት ክኒን እንደምትሰጣት፣ ከዚያ ግን ሁልጊዜ ስለ ልጁ አንድ ነገር እንድትነግራት እንደምትጠይቃት ነግራኛለች። «ሰዓት የለም እኮ» ትላለች፤ «ውጭ ሰው ተሰልፏል። ግን ሳልጠይቅ ልሸኛት አልችልም።»

እትዬ አርጅተዋል። አንዲት የእህታቸው ልጅ አብራቸው ትኖራለች። ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ መርሳት ጀምረዋል። መጀመሪያ የረሱት የጨው ዕቃ ያለበትን ቦታ ነበር፤ ቀጥሎ የጎረቤቶቻቸውን ስም፤ ከዚያ ልጃቸው መሞቱን። ልጃቸውን ግን አልረሱም። ከመንገድ ይመለሳል ብለው ይጠብቃሉ። የእህታቸው ልጅ መጀመሪያ ሰሞን እውነቱን ስትነግራቸው ገና እንደተረዱት ሁሉ ወድቀው ያለቅሱ ነበር። በማግስቱ ይረሱታል፤ እንደገና ይጠብቃሉ። ጓደኛዬን በስልክ ጠየቅኋት። «እንዳትነግሯቸው» አለች። «በየቀኑ አትቅበሩባቸው።»

ባለፈው ሰሞን ጓደኛዬ ወላጆቿን ልትጠይቅ ወደ ይጁቤ ስታልፍ ደብረ ማርቆስ ወረደችና አብረን ሄድን። እትዬ በረንዳው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። እንዝርቱን ትተውታል። እኔን ብዙ ጊዜ ስለምመላለስ ያውቁኛል፣ ማን እንደሆንኩ ባያውቁም። እሷን ትኩር ብለው አዩዋት።

«ከየት ነው የመጣሽ፣ ልጄ?»

«ከአዲስ አበባ ነው፣ እትዬ።»

«በደጀን ነዋ የመጣሽ። ልጄን መንገድ ላይ አላየሽውም?»

ጓደኛዬ አጠገባቸው ቁጭ አለች።

«አይቼዋለሁ» አለቻቸው። «ደጀን መኪናቸውን አቁመው ሻይ ይጠጡ ነበር። ደህና ነው።»

«ከስቷል?»

«አልከሳም።»

እትዬ ፈገግ አሉ፤ የእህታቸውን ልጅ ተጣርተው ምሳ እንድታቀርብ አዘዟት። እኔና ጓደኛዬ ውሃ ልናቀብል ብለን ወደ ጓዳ ገባን። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ታለቅስ ነበር።

«ምነው?» አልኳት። «ያኔ የጠየቁሽ ይህንኑ አልነበር? ሕመሙ ሄደ፤ ልጁ ቀረላቸው።»

«አውቃለሁ» አለች። «ማንም ሐኪም ሊሠራው የማይችለውን በሽታው ሠራላቸው። ደስ ሊለኝ ነበር የሚገባ። ግን ያኔ ሐዘናቸውን ያወሩት እኮ ለእኔ ነበር። አሁን እሱ ሲረሳ እኔም አብሬ ተረሳሁ።»

ከማሰሮው ውሃ ቀዳሁላት፤ ፊቷን ታጠበች። ስንወጣ የእህታቸው ልጅ ሽሮውን ከነድስቱ አምጥታ አቅርባለች፤ ገና ይንተከተካል። እትዬ ወደ በሩ አሻግረው ጥቂት አዩ።

«ዘግይቷል» አሉ። «ይቀዘቅዛል፤ ለእሱ ሌላ ይሠራለታል። እናንተ ብሉት።»

ዙሪያውን ተቀመጥን። እትዬ ለጓደኛዬ ትልቅ ጉርሻ አጎረሷት፤ እሷም ሁለት እጇን ከሥሩ ዘርግታ ተቀበለች።